ኮከብን በእውነት የቆጠረች ሴት

በአገራችን ኮከብ ቆጣሪ ሲባል ሰው የሚያስበው ዐውደ ነገሥት ገልጦ፥ የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ፥ ትዳሩ ይሰምር መንገዱ ይቀና እንደ ሆነ የሚናገረውን ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ሰው የሚቆጥረው ፊደል እንጂ ኮከብ አይደለም፤ ለሥራውም ሌሊት ወደ ደጅ ወጥቶ ሰማይ ማየት አያስፈልገውም። ዛሬ ታሪኳን የምናቀርበው ካሮሊን ኸርሸል ግን በቃሉ ሙሉ ትርጉም ኮከብ ቆጣሪ ነበረች። ሌሊት ውርጭ በያዘው ሣር ላይ ሆና ሰማዩን በትንሽ ቴሌስኮፕ እየፈተሸች ስምንት ጅራታም ከዋክብት አገኘች፤ ቀን ደግሞ ወረቀት ላይ አጎንብሳ በሺህ የሚቆጠሩ የሰማይ አካላትን አንድ በአንድ በየቦታቸው ደረደረች።

የወንድሟን የዊልያም ኸርሸልን ስም ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ በ1781 ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት ያገኘ እሱ ነውና። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።) እኅቲቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቀሰው በወንድሟ ታሪክ መጨረሻ በአንዲት መስመር ነው። እኛ ነገሩን ገልብጠን ብንነግረው የተሻለ መስሎናል።

ካሮሊን ማርች 16 ቀን 1750 በሐኖቨር ከተማ ተወለደች። አባቷ ይስሐቅ ኸርሸል በክብር ዘበኛው የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ኦቦ የሚነፋ፥ ደመወዙ ትንሽ ልጆቹ ግን ብዙ የሆኑበት ሰው ነበር። ማታ ማታ ከወንዶች ልጆቹ ጋር ስለ ሙዚቃና ስለ ፍልስፍና ክርክር ይገጥም ነበርና ትንሿ ልጅ ከመኝታዋ ሆና ታዳምጥ ነበር። አንድ ጊዜ ሰማዩ ጥርት ባለ የብርድ ሌሊት እጇን ይዞ ወደ መንገድ አወጣትና የከዋክብቱን ስም ነገራት፤ በዚያን ጊዜ ይታይ የነበረ ጅራታም ኮከብም አሳያት። በ1764 ፀሐይ በጨረቃ ስትጋረድ ደግሞ ቤተ ሰቡ ገንዳ ውኃ ሞልቶ የፀሐይዋን መልክ በውኃው ውስጥ ሲመለከት እሷም አብራ ነበረች።

እናቷ አና ሌላ ሐሳብ ነበራት። እሷ ራሷ መጻፍ አትችልም ነበር። ወንዶች ልጆቿ ተምረው አንድ በአንድ ከአገር ሲወጡባት አይታለች፤ ስለዚህ ልጅን ከእናቱ የሚለየው ትምህርት ነው ብላ አምና ነበር። ሴቲቱ ልጅ ማንበብና መጻፍ ከቻለች ይበቃታል፤ ከዚያ ወዲያ ማጠብ፥ መስፋትና ካልሲ መሥራት ትማር ተባለ። አባቷ ቫዮሊን የሚያስተምራት እናቲቱ ከቤት ስትወጣ ወይም ደስ ባላት ቀን ብቻ ነበር። እኛ በዚህች እናት ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም፤ ስሌቷ የተሳሳተ አልነበረምና። ትምህርት በእርግጥ ልጆቿን ወስዶባታል። ዋጋውን ግን የከፈለችው እቤት የቀረችው ልጅ ሆነች።

ሕመምም አልማራትም። ገና ሕፃን ሳለች ፈንጣጣ ፊቷን ጎዳው፤ በ10 ዓመቷ ገደማ ደግሞ ተስቦ ያዛትና ዕድገቷ ተገታ፤ ሙሉ ሰው ሆና እንኳ ቁመቷ 1 ሜትር ከ30 ያህል ብቻ ነበር። አባቷም መልክና ገንዘብ ስለሌላት በወጣትነቷ ባል እንደማታገኝ ቁርጡን ነገራት። ትምህርት ያጣች ልጅ ግን በተገኘው ቀዳዳ ትገባለች። እነሱ በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ጥልፍና ስፌት የምታውቅ አንዲት ሕመምተኛ ልጃገረድ ነበረች፤ ካሮሊን የቤት ሥራዋ ሳይጀመር ጎሕ ሲቀድ እየተነሣች ከእሷ ዘንድ ትማር ነበር። አባቷ በ1767 ሲሞት የ17 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከእንግዲህ ወዲያ የሚጠብቃት ያለ ደመወዝ የቤት ሠራተኛ መሆን ብቻ ይመስል ነበር።

በ11 ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ ዊልያም ፈረንሳዮች ሐኖቨርን በወረሩበት በ1757 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በሙዚቃ ኑሮውን አደላድሎ ነበር። ባዝ በምትባል የፍል ውኃ ከተማ በአንድ ጸሎት ቤት ኦርጋን ይጫወታል፤ ያስተምራል፤ ይደርሳል። በ1772 ወደ ሐኖቨር መጥቶ እኅቱን መዝሙር ላስተምራት ልውሰዳት አለ። እናቲቱ ዝም ብላ አልለቀቀቻትም። ዊልያም በልጅቱ ፋንታ ሠራተኛ መቅጠሪያ የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ ሊከፍል ተስማማና ነገሩ አለቀ። ካሮሊንም ሳትሄድ በፊት ለእናቷና ለቤት ለቀረው ወንድሟ ሁለት ዓመት የሚበቃ ካልሲ ሠርታ አስቀመጠች። ይህን ስናነብ ከመካከላችን ዝም ያልን ነበርን። እኛ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመጣ የእኛን ድርሻ ውኃ የቀዳችና እንጨት የለቀመች እኅት የሌለን ስንቶቻችን እንሆን?

በሆላንድ በኩል ቀንና ሌሊት ክፍት በሆነ የፖስታ ሠረገላ ሲጓዙ ነፋስ ባርኔጣዋን ነጥቆ ቦይ ውስጥ ጣለው። ሌሊት ሌሊት ግን ዊልያም ከሠረገላው ላይ ሆኖ ከዋክብቱን ያሳያት ነበር። ባዝ ስትደርስ 22 ዓመቷ ነበር፤ እንግሊዝኛዋ ከጥቂት ቃላት አያልፍም። በዚሁ ቋንቋ ብቻዋን ገበያ ተላከች፤ ሌላው ወንድሟ አሌክሳንደር እንዳትጠፋ ከሩቅ ይከተላት ነበር። ቁርስ ላይ ዊልያም እንግሊዝኛ፥ ሒሳብና የቤት ወጪ አያያዝ ያስተምራታል። የማባዛት ሰንጠረዥን በቃሏ መያዝ ፈጽሞ አልሆነላትም፤ ስለዚህ እስከ እርጅናዋ ድረስ በወረቀት ጽፋ ይዛ ትዞር ነበር። ስለ ሒሳብ ተስፋ የቆረጠ ጓደኛ ያለው አንባቢ ይህን ይንገርልን፤ ይህች ሴት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ የከዋክብት ቦታዎችን ያሰላች ናትና።

መዝሙሩ ተሳካላት። በ1778 የሄንደልን መሲሕ በዋና ዘማሪነት አቀረበች፤ ቢርሚንግሃም ከተማም መጥታ እንድትዘምር ተጠየቀች። ወንድሜ ከማይመራው የሙዚቃ ጓድ ጋር አልዘምርም ብላ እምቢ አለች። በራሷ ደመወዝ የመኖር በር የተከፈተው በዚያን ጊዜ ነበር፤ በገዛ እጇ መለሰችው። ይህንን ታማኝነት የሚያደንቁ ብዙዎች ናቸው። እኛ እንኳ እናደንቀው ወይስ እንዘንበት ገና አልተስማማንም።

በዚህ መካከል ዊልያምን ሌላ ፍቅር ይዞት ነበር። በ1773 የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ገዛ፤ ቴሌስኮፕ ለመግዛት ዋጋው ስላልተቻለው መስታወቱን ራሱ ሊሠራ ተነሣ። የዚያን ጊዜ የቴሌስኮፕ መስታወት ብርጭቆ አልነበረም፤ መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅሎ ቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ ብርሃንን እስኪመልስ ድረስ የሚሞረድና የሚወለወል ብረት ነው። የእንግዳ መቀበያው ክፍል የአናጢ ቤት ሆነ። ማፍሰሻው ቅርጽ የሚሠራው ከፈረስ ፋንድያ ነበርና ካሮሊን ፋንድያውን በሙቀጫ ወቅጣ በወንፊት ነፋች። ውልወላው ከተጀመረ እጅ ማንሣት አይፈቀድም፤ አንድ ጊዜ ዊልያም 16 ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ሲወለውል እሷ ምግቡን በአፉ ታጎርሰው፥ መጽሐፍም ታነብለት ነበር። ጉርሻ የፍቅር ምልክት በሆነበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ማርች 13 ቀን 1781 ማታ ዊልያም በዚሁ በገዛ እጁ በሠራው ቴሌስኮፕ፥ የእኛ ሊቃውንት ሠውርና ገውዝ በሚሏቸው ኅብረ ከዋክብት ድንበር ላይ፥ እንደ ሌሎቹ ከዋክብት ነጥብ ያልሆነ ነገር አየ። መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መሰለው፤ ሲሰላ ግን ከሳተርን ወዲያ በእጥፍ ርቀት የምትዞር ፕላኔት ሆነች። ከጥንት ጀምሮ ከታወቁት ሌላ ፕላኔት ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። በሚከተለው ዓመት ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ በዓመት 200 ፓውንድ ቆረጠለትና ዊልያም ሙዚቃን ትቶ ከባዝ ወጣ። በሙዚቃ ያገኝ የነበረው ከዚህ ይበልጥ ነበር፤ ቢሆንም ቅር አላለውም።

ካሮሊንን ግን ማንም አልጠየቃትም። በ32 ዓመቷ የዘማሪነት ሥራዋ አንድ ቀን ቆመ። ዳቼት በምትባል መንደር ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ገብተው ወንድሟ አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ ሰጣትና ሰማዩን እየጠረገች ያገኘችውን እንግዳ ነገር እንድትመዘግብ አዘዛት። መጥረግ ይሉት የነበረው ቴሌስኮፑን ቀስ እያደረጉ ከዳር እስከ ዳር በማንቀሳቀስ ሰማዩን ምንም ሳያስቀሩ መፈተሽ ነው። ለጠሪ የሚደርስ ሰው በሌለበት፥ ጤዛና ውርጭ ባለበት ሣር ላይ ብቻዋን ማደሩን መጀመሪያ ፈጽሞ አልወደደችውም፤ ይህንንም በማስታወሻዋ ሳትደብቅ ጽፋዋለች። ይህ ግልጽነቷ ከሁሉ ይበልጥ ወዳጃችን አድርጓታል። የሳይንስ ሊቃውንት ታሪክ ሲጻፍ ሁሉም ከእናታቸው ማሕፀን ለሥራው ተጠርተው የወጡ ይመስላሉ። እሷ ግን በትእዛዝ ጀመረች፤ ፍቅሩ ኋላ መጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ልቧ እየገባበት ሄደ፤ በ1783 ደግሞ ሌላ ሰው መዝግቧቸው የማያውቁ የጭጋግ ነቁጥ የሚመስሉ አካላትን ማግኘት ጀመረች።

ከነዚህ አንዱን ሴፕቴምበር 23 ቀን 1783 አገኘችው፤ ዛሬ ኤንጂሲ 253 ይባላል። ጭጋግ መሰለ እንጂ በእርግጥ ከፍኖተ ሐሊባችን ውጪ ያለ ሌላ የከዋክብት ዓለም ነው። እንግሊዝ አገር ላይ ከአድማስ በ13 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ በዚያ ዝቅታ፥ በዚያ ጉም ውስጥ ማግኘቷ ያስገርማል። ከአዲስ አበባ ግን 55 ዲግሪ ያህል ይወጣል። እኛም በኅዳር ወር መጀመሪያ፥ ከምሽቱ በ3 ሰዓት ገደማ፥ በተዋስነው የሩቅ ማያ መነጽር ከጣሪያ ላይ ሆነን በስተደቡብ ፈልገነው ነበር። ዘበኛው ሌባ ያየን መስሎት ዱላውን ይዞ መጣ። ኋላ ግን እሱም አየው፤ ረዘም ያለች የጢስ ጭረት ትመስላለች።

ትልቁ ሥራ ግን ከወንድሟ ጋር የሚሠራው ነበር። ዊልያም መስታወቱ 47 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ሠርቶ በመሰላል ላይ ወጥቶ ያያል። ቴሌስኮፑ ወደ ደቡብ አቅጣጫ ተተክሎ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ምድር ስትዞር ሰማዩ ራሱ በፊቱ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ነገር ያለፈበት ሰዓት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለውን ቦታውን፥ የቴሌስኮፑ ከፍታ ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለውን ይነግራል። ዊልያም ዓይኑን ከጨለማው ካነሣና መብራት ካየ ዓይኑ እንደገና ጨለማ እስኪለምድ ብዙ ደቂቃ ይጠፋል። ስለዚህ የሚጽፍ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ካሮሊን በመስኮቱ አጠገብ ሻማ፥ የሰዓት መቁጠሪያና የከዋክብት መዝገብ ይዛ ትቀመጣለች፤ እሱ ይጮኻል፥ እሷ ሰዓቱን አይታ ትጽፋለች፥ መልሳም ታነብለታለች። አንዳንድ ሌሊት ቀለሙ ብልቃጥ ውስጥ ይረጋ ነበር። ሲነጋ እሱ ሲተኛ እሷ የሌሊቱን ጽሑፍ ገልብጣ ስሌቱን ትሠራለች። በ20 ዓመት ውስጥ 2500 ያህል የጭጋግና የከዋክብት ክምችቶች በዚህ መንገድ ተመዘገቡ።

ዲሴምበር 31 ቀን 1783 ማታ በረዶ በሸፈነው መሬት ላይ በጨለማ ስትሮጥ ከቴሌስኮፑ መቆሚያ የወጣ የብረት ሜንጦ ከጉልበቷ በላይ ጭኗ ውስጥ ገባ። ሲያላቅቋት ሥጋዋ ብረቱ ላይ ቀረ። ሐኪም ሳያያት ራሷ አሰረችው። ኋላ ስለዚያ ሌሊት ስትጽፍ የሚያጽናናት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ወዲያው ሰማዩ ደመነና በእሷ መጎዳት ምክንያት ወንድሟ ያጣው የሥራ ሰዓት አልነበረም።

አሁን ወደ ጅራታሞቹ ከዋክብት እንምጣ። ጅራታም ኮከብ ከሩቅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጅራት አይታይበትም፤ ደብዘዝ ያለች የጭጋግ ነጥብ ብቻ ነው። የሚደምቀው ወደ ፀሐይ ሲቀርብ ስለሆነ አዳኙ ፀሐይ እንደ ጠለቀች በምዕራብ፥ ልትወጣ ስትል በምሥራቅ በኩል ይፈልጋል። ችግሩ ሰማዩ ጅራታም ኮከብ በሚመስሉ፥ ግን ከቦታቸው በማይነቃነቁ ጭጋጎች የተሞላ መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲዬ 103ቱን ዘርዝሮ ያሳተመው እንዳያታልሉት ነበር። ስለዚህ አዳኙ የሚያውቃቸውን በልቡ ይይዛል፤ የማያውቀው ሲገጥመው ደግሞ ቦታውን ጽፎ እስከ ሌላው ሌሊት ይጠብቃል። ከተንቀሳቀሰ ጅራታም ኮከብ ነው።

ኦገስት 1 ቀን 1786 ካሮሊን ብቻዋን ነበረች። ቤተ ሰቡ ስላው ወደምትባል ቦታ ከገባ ገና ጥቂት ወር ነው፤ ዊልያም ንጉሡ ለጎቲንገን የላከውን ቴሌስኮፕ ሊያደርስ ወደ ጀርመን ሄዷል። በዚያች ሌሊት የማታውቀውን አንድ ነገር አየችና ቦታውን ጻፈች። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። እሷም 150 የጭጋግ አካላትን ስታሰላ ዋለች፤ ዓይኗ ግን ከመስኮቱ አልተነሣም ብለን እንገምታለን። ሲመሽ ደመናው ጥቂት ገለጥ አለ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነገሩ እንደ ተንቀሳቀሰ አየች። ሳትውል ሳታድር ለሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ለቻርልስ ብላግደን በትሕትና የተሞላ ደብዳቤ ጻፈች፤ ቦታው ግን በትክክል ተነግሯል። ከጥቂት ቀን በኋላ የማኅበሩ ፕሬዚደንት ጆሴፍ ባንክስ ራሱ ከሌሎች ጋር ስላው ድረስ መጥቶ አየው።

በሚከተለው ዓመት ንጉሡ ለወንድሟ ረዳትነት በዓመት 50 ፓውንድ ቆረጠላት። በእንግሊዝ አገር በሳይንስ ሥራ ደመወዝ የተቆረጠላት የመጀመሪያዋ ሴት እሷ እንደ ሆነች ይነገራል። የወንድሟ ሩብ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያው የሦስት ወር ክፍያ፥ 12 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ፥ እጇ ሲገባ 37 ዓመቷ ነበር፤ በሕይወቷ እንደ ፈቀደች ልታወጣው የምትችለው የመጀመሪያው ገንዘብ ነበር። እስከ 1797 ድረስ ጅራታሞቹ ስምንት ደረሱ። አንዱን ሜሲዬ ቀድሟት አይቶታል። በ1795 ያየችው ደግሞ በኋላ በየ3 ዓመት ከ4 ወር ያህል የሚመለሰው የኤንኬ ጅራታም ኮከብ መሆኑ ታወቀ። የመጨረሻውን ባየች ጊዜ ደብዳቤ ይዘገያል ብላ አንድ ሰዓት ብቻ ተኝታ በፈረስ ተነሣችና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጋልባ ለንጉሡ የሥነ ፈለክ ሹም ለኔቪል ማስክሊን ግሪኒች ድረስ ሄዳ ነገረችው። ያን ጊዜ 47 ዓመቷ ነበር።

በ1788 ዊልያም ሜሪ ፒት የተባለች ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። ለ16 ዓመት ቤቱን የያዘችው ካሮሊን ቁልፉን አስረክባ ወጥታ ቤት ተከራየች፤ ለሌሊቱ ሥራ ግን እየተመላለሰች ትመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉትን የአሥር ዓመት ያህል የግል ማስታወሻዎቿን በኋላ ራሷ አጠፋቻቸው። ምን ጽፋ እንደ ነበር አንባቢ ሁሉ የሚገምተው ነገር አለው። እኛ ግን እሷ ልትተወው የፈለገችውን ልንቆፍር አንወድም። በመጨረሻ ከወንድሟ ሚስት ጋር ታርቃ በ1792 የተወለደውን ልጃቸውን ጆንን እንደ ልጇ ወደደችው።

ጅራታም ኮከብ ያስጨበጭባል፤ ለእኛ ግን የሚበልጥብን ሌላው ሥራዋ ነው። የዚያን ዘመን ሊቃውንት የሚጠቀሙበት የፍላምስቲድ መዝገብ ወደ 3000 የሚጠጉ ከዋክብት የያዘ ቢሆንም ስሕተት ሞልቶበት ነበር። በመዝገቡ ያሉ አንዳንዶቹ ሰማይ ላይ የሉም፤ ሰማይ ላይ ያሉት ደግሞ መዝገቡ ውስጥ የሉም። ካሮሊን መዝገቡን ከፍላምስቲድ ጥሬ ምልከታዎች ጋር መስመር በመስመር አስተያይታ ስሕተቶቹን አረመች፤ የተዘለሉ 560 ከዋክብትም ጨመረች። ሮያል ሶሳይቲ በ1798 በራሱ ወጪ አሳተመው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው የሚያገኘው ምስጋና ጥቂት ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ግን በሠራው መንገድ ላይ ይሄዳል።

ዊልያም ኦገስት 25 ቀን 1822 ሞተ። ካሮሊን በ72 ዓመቷ፥ በኀዘን ችኮላ፥ ከ50 ዓመት በፊት ወደ ለቀቀችው ሐኖቨር ተመለሰች፤ ወዲያውም ተጸጸተች። የከተማው ቤቶች ሰማዩን ጋርደውባታል። ማየት ባትችል መቁጠር አልተወችም። የወንድሟን 2500 አካላት ሰማዩን በቀበሌ ከፋፍላ እንደ ቦታቸው አዲስ መዝገብ አድርጋ በ1825 ጨረሰችና ለወንድሟ ልጅ ለጆን ሰደደችለት። ጆን በዚያ መዝገብ እየተመራ ሁሉንም ዳግም አያቸው፤ ከዚያም በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ከ1834 እስከ 1838 የደቡቡን ሰማይ ጨመረበት። በ1888 ድራየር 7840 አካላት ያሉበትን ኤንጂሲ የተባለውን መዝገብ ያዘጋጀው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። ዛሬም አንድ የሰማይ ወዳጅ ኤንጂሲ ብሎ ቁጥር ሲጠራ በዚያች የመስኮት ዳር ጽሕፈት ላይ ቆሞ ነው።

የለንደን የሥነ ፈለክ ማኅበር በ1828 የወርቅ ሜዳይ ሰጣት። ከእሷ ቀጥሎ ይህንን ሜዳይ ያገኘችው ሴት ቬራ ሩቢን ስትሆን ይህም በ1996 ነው፤ ከ168 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1835 ከሜሪ ሶመርቪል ጋር የማኅበሩ የክብር አባል ተደረገች። የፕሩሲያው ንጉሥም በ1846፥ 96 ዓመት ሲሞላት፥ የወርቅ ሜዳይ ላከላት። እሷ ግን የሚያመሰግኗት ሰዎች የወንድሟን ድርሻ የሚቀንሱ እየመሰላት ትቆጣ ነበር። በዚህ ነገር ከእሷ ጋር አንስማማም።

ጃንዋሪ 9 ቀን 1848 በ97 ዓመቷ ዐረፈች። እንደ ኑዛዜዋ ከዊልያም ጠጉር የተቆረጠ ጥቂትና አባቷ ይጠቀምበት የነበረ አሮጌ የዘመን መቁጠሪያ አብረዋት ተቀበሩ። ዲሴምበር 21 ቀን 1788 ያገኘችው ሁለተኛው ጅራታም ኮከብ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ተመልሶ መጥቷል፤ በ1939 ሮዤ ሪጎሌ የተባለ ፈረንሳዊ ሲያየው አዲስ መስሎት ነበር፤ ሲሰላ ግን የእሷው ሆኖ ተገኘ። አሁን ከፀሐይ ርቆ በመንገድ ላይ ነው። በ2092 ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል።